ሌሊት ራሴን መግዛት ለምን ያቅተኛል?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ባለትዳር ነኝ። ሥራ ስለሚበዛብኝ በቀን የምተኛው ቢበዛ 5 ሰዓት ነው። ቀን ላይ ራሴን የምገዛ ሰው ነኝ። ሌሊት ግን ስልኬን ይዤ የወሲብ ፊልም ሳይና ጣፋጭ ስበላ አመሻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ስሆን ፍላጎቴ ቀንሷል፤ አንዳንዴም ብልቴ አልቆም ይለኛል። የሚያበረታ ምግብ ካለ ብትነግሩኝ።

መልስ፦ ወደ ምግቡ እንመጣለን፤ ቀድሞ መስተካከል ያለበት ግን እንቅልፍዎ ነው። «ይቅርብኝ» የሚያሰኘው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እንቅልፍ ሲያጣ በእጅጉ ይዳከማል። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ይጨምራል፣ መጥገባችንን የሚነግረን ሌፕቲን ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ የሚሸነፉት ጠባይዎ ስለተበላሸ አይደለም፤ ራስዎን አይውቀሱ።

የወሲብ ፍላጎትን የሚያነሳሳው የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስተሮንም፣ በብዛት የሚመነጨው በእንቅልፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ1 ሳምንት በየሌሊቱ 5 ሰዓት ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስተሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል።

መጀመሪያ የመነሻ ሰዓትዎን ይወስኑ፤ ከዚያ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥረው አልጋ ውስጥ ይግቡ። ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ያድርጉ። ትራስ ሥር ካለ ግን የደከመ አንጎል እንዲታገለው መጠበቅ ከንቱ ነው። ቡና ከጠጡ ከ5 እስከ 6 ሰዓት በኋላም የኃይሉ ግማሽ ሰውነት ውስጥ ስለሚቀር፣ ከመኝታ በፊት ባሉት 8 ሰዓታት አይጠጡ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሻል፤ ብልት መቆምንም ያዳክማል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በእረፍት ቀን ነው፦ እስከ ቀትር ይተኛሉ፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል፣ ሳምንቱም እንደገና ይበላሻል።

ምግብን በተመለከተ፣ ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነውና ለደም ሥር የሚበጅ ምግብ ሁሉ ይበጀዋል፦ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝ፣ ዓሣ። ውጤቱ በወራት እንጂ በአንድ ሌሊት አይታይም። ምሳ አይዝለሉ፤ የሌሊቱ የጣፋጭ አምሮት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። እራትዎን ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይጨርሱ። «ወንድነትን ያጠነክራል» እየተባለ ከሚሸጥ ዱቄትና ክኒን ግን ይራቁ። አንዳንዱ ሳይነገር ሲልደናፊል (ቪያግራ ውስጥ ያለው መድኃኒት) የተጨመረበት ነው፤ ናይትሬት የተባለ የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ የደም ግፊትን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለ2 ወር ያህል አድርገው ካልተሻለዎት ሐኪም ጋር ይሂዱ። ጠዋት ሲነቁ ብልትዎ መቆም ከተወ ወይም በኃይል እያንኮራፉ ትንፋሽዎ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ከአሁኑ ይሂዱ። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ስለሚጠብቡ የደም ሥር ችግር ቀድሞ የሚታየው እዚያ ሊሆን ይችላል፤ ስኳርና ደም ግፊትዎንም ይለኩ። ቴስቶስተሮን የሚለካው ምግብ ሳይቀመስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ነው፤ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል።