በታኅሣሥ ዝናብ፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ ብራሰልስ ለምትሄደው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ከሐዋሳ ተነስተሽ ታኅሣሥ ላይ ለ6 ቀን ስልጠና ብራሰልስ ልትሄጂ ነው። ሻንጣ ሳላስረክብ በእጅ ሻንጣ ብቻ መሄድ እችላለሁ ወይ፣ ዝናቡንስ በምን ልቻለው ብለሻል። ትችያለሽ። እኔ በ2016 ታኅሣሥ ከዚሁ ከሐዋሳ ሄጄ ነበር። ግን ያኔ የሠራሁት ስህተት ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። አንቺ እንዳትደግሚው ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ነገር ጨርሰሻል ብዬ ስላሰብኩ እሱን አልነካውም።

1. መጀመሪያ ዝናቡን እወቂው። እኛ የሐዋሳ ሰዎች ዝናብ የምናውቅ ይመስለናል። የእኛ ዝናብ ዶፍ ነው። ይመጣል፣ አስፋልቱን ጎርፍ ያደርገዋል፣ አንዱ ካፌ በረንዳ ስር ቆመሽ ታሳልፊዋለሽ። ከዚያ ፀሐይ ትወጣና ልብስሽ ገላሽ ላይ ይደርቃል። የዓመቱ ዝናብ ቢለካ ብራሰልስ ከሐዋሳ አይበልጥም። የዚያ ሀገሩ ግን ካፊያ ነው። ጠዋት ይጀምርና ሲያካፋ ይውላል። ነፋስ ስላለው ከጎን ነው የሚመጣው። የእኔ ጃንጥላ ገና በሁለተኛው ቀን ተገልብጦ ሽቦው ተሰበረ። ቀን ላይ 6 ወይም 7 ዲግሪ ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ይነጋል፣ ከሰዓት 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። እና አንድ ጊዜ የረጠበ ነገር አይደርቅም። እኔን ያሰቃየኝ ይኸው ነው፤ ልብስሽን ስትመርጪ ከዚህ ተነሺ።

2. ጥጥ አትያዢ። በተለይ ጂንስ። እኔ ምን ይዤ ሄድኩ? ሁለት ጂንስ፣ ሁለት የጥጥ ሹራብ፣ የሸራ ጫማ፣ ከዚያ ላይ የእናቴን ጋቢ። “ብርድ ሀገር ነው፣ ያለ ጋቢ አትሄጂም” አለችኝ። የእናት ነገር ነው፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጋቢው ብቻውን የሻንጣዬን ግማሽ ያዘ።

በሁለተኛው ቀን ከስልጠናው ወደ ሆቴል 20 ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ጂንሱ ከጉልበቴ በታች በውሃ ርሷል፣ ጫማዬ በእያንዳንዱ እርምጃ ውሃ ይተፋል። ጂንሱን ወንበር ላይ ዘረጋሁት። የክፍሉ ማሞቂያ ለብ ያለ ብቻ ነበር። ሁለት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ጠዋት ስነካው እግሩ ደርቋል፣ ወገቡና ኪሶቹ ግን እንደረጠቡ ናቸው። ሽታው ደግሞ ሳይደርቅ የታጠፈ የወጥ ቤት ጨርቅ ሽታ ነው። እሱኑ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ጠቀጠቅኩት።

3. የሻንጣ መጠን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ የሚፈቅድልሽ የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ መጠኑ 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር። ይሄ ይበቃሻል። ግን አንቺም እዚያ ድረስ ሄደሽ ዘመድ ሳታዪ አትመለሺም። እኔም ሚላን ያለችውን እህቴን ልይ ብዬ በ35 ዩሮ የርካሽ አየር መንገድ ትኬት ቆረጥኩ። እነዚህ አየር መንገዶች ብዙዎቹ በነጻ የሚፈቅዱት ከመቀመጫ ስር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ነው፤ 40 በ30 በ20 አካባቢ። እኔ ሻንጣ ሻንጣ ነው ብዬ ያንኑ ባለ ጎማውን እየጎተትኩ ሄድኩ።

መሳፈሪያው በር ላይ ከብረት የተሠራ መለኪያ አለ። ሠራተኛዋ በጣቷ ጠቆመችኝ። ሻንጣዬ አፉ ላይ እንኳን አልገባም። “60 ዩሮ” አለች። ጋቢውን ልልበሰው፣ ሹራቦቹን ልደርባቸው ብዬ ለመንኳት። አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም። “በሩ ሊዘጋ ነው” አለችና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። እሺ ብዬ ጥሬ ገንዘብ ዘረጋሁላት። “ካርድ ብቻ” አለች። ሀገር ቤት የምጠቀምበት የኤቲኤም ካርድ እዚያ አይሠራም። እጄ ላይ ዩሮ አለ፣ የሚቀበለኝ የለም። ሰው እየገባ ነው፣ እኔ ዳር ቆሜያለሁ፣ እንባዬ መጣ። በመጨረሻ የማላውቀው አንድ ሽማግሌ ሰውዬ በራሱ ካርድ ከፈለልኝና እኔ ለእሱ በጥሬው ሰጠሁት። እግዚአብሔር ይስጠው። ከትኬቱ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ገንዘብ፣ ለእርጥብ ጂንስና ላልለበስኩት ጋቢ።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ባንክሽ ጋ ሄደሽ ውጭ ሀገር የሚሠራ የምንዛሪ ካርድ ጠይቂ። ዛሬ ነገ ብለው ቢያመላልሱሽም ታገሺ፣ ሳትይዢው እንዳትወጪ።

ከዚያ በኋላ ተምሬያለሁ። ዓምና ኅዳር ላይ አምስተርዳም ሄጄ ነበር፣ እዚያም ያው ካፊያ ነው። ሰፈሬ ያለው ባለሱቅ ሽንኩርት የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ሻንጣዬን ሳስቀምጠው 6 ኪሎ ከ200 አለ። ኮራሁ። መጀመሪያ ያን ባለ ጎማ ሻንጣ ተውኩት፤ ባዶውን 3 ኪሎ ይመዝናል። በጀርባ የሚታዘል ቀላል ቦርሳ ያዝኩ። ውስጡ አንድ ተለዋጭ ሱሪ (ቀጭን፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ጥጥ ያልሆነ)፣ ሁለት ከስር የሚለበስ ሙቀት የሚይዝ ልብስ (ቴርማል)፣ ሁለት ቲሸርት፣ አራት ካልሲና የውስጥ ልብስ ነበረ። ከገበያ፣ ልባሽ ከሚሸጡት ጋ የገዛሁትን የሱፍ ሹራብ፣ ወፍራሙን ጫማና ጃኬቱን ለብሻቸው ነው አውሮፕላን የገባሁት። ሹራብ ስትገዢ አንገቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ሱፍ ትንሽ ቢረጥብም ያሞቃል፣ ጥጥ ግን ከረጠበ ያበርድሻል።

ጃኬቱ ላይ አትቆጥቢ። ኮፍያ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ ይሁን። ሻጩ “ውሃ አያስገባም” ስላለሽ ብቻ አትመኚ። እኔ ቤት ወስጄ እጅጌው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ደፋሁበት። 10 ደቂቃ ጠብቄ ውስጡን በእጄ ዳሰስኩ። የመጀመሪያው አስገባ፣ መለስኩት። ሁለተኛው ደረቅ ነበር።

ማታ ማታ ካልሲና የውስጥ ልብስሽን ሆቴል ውስጥ እጠቢ። ከጨመቅሽ በኋላ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጠቅልዪው፣ ጥቅሉን በእግርሽ ቁሚበት። ፎጣው ውሃውን ይጠጣዋል። ጠዋት ደርቆ ታገኚዋለሽ። ጫማሽ ከረጠበ ጋዜጣ ጨምድደሽ ሙዪው፣ ከመተኛትሽ በፊት አንዴ ቀይሪው።

በጋቢ ፈንታ ነጠላ ያዢ። አውሮፕላን ውስጥ ትከናነቢዋለሽ፣ ውጭ አንገትሽ ላይ ትጠመጥሚዋለሽ፣ ሲታጠፍ መዳፍ አያህልም። እናቴም አሁን ተስማምታለች፤ ነጠላውን የሰጠችኝ እሷው ናት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ የአደራ ዕቃ። መሄድሽ ከተሰማ በሩ ይንኳኳል። እኔ ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ማታ ጎረቤታችን ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ማሰሮ ንጥር ቅቤ ይዘው መጡ። “ለልጄ ነው” አሉ። እንዴት እምቢ ትያለሽ? ቅቤው በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ስለማይፈቀድ ፍተሻ ላይ ቀረ። ባይቀርም ኖሮ እዚያ ሲደርስ ይያዝ ነበር፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ከእኛ ሀገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ቅቤም፣ አይብም፣ ቋንጣም። እኔ ስመለስ እሳቸውን ፊት ለፊት ለማየት አፈርኩ። ማሰሮው እንኳን አልተመለሰም። አንቺ ከአሁኑ “ሻንጣ አላስረክብም፣ ቦታዬ ለግማሽ ኪሎ ቡና ብቻ ነው” በያቸው። ቀድመሽ ከተናገርሽ ማንም አይቀየምሽም። ውስጡን ያላየሽውን ዕቃ ደግሞ የማንም ቢሆን አትያዢ።

ሌላው ቀላል ነው። ሻምፖና ቅባት በትንንሽ ዕቃ ገልብጪ። አዳፕተር አትግዢ፣ ባለ ሁለት ጥርሱ ቻርጀርሽ ብራሰልስ ይሰካል። ከሐዋሳ ቦሌ የምትበሪበት አውሮፕላን ትንሽ ስለሆነ ሻንጣሽን መግቢያው ላይ ተቀብለው ታች ሊያስገቡት ይችላሉ። ያኔ ፓወር ባንኩንና ፓስፖርቱን ቶሎ አውጥተሽ በእጅሽ ያዢ። ብራሰልስ ስትደርሺ ባቡሩ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ስር ነው፣ በ20 ደቂቃ ገደማ መሀል ከተማ ያደርስሻል። ሻንጣ የሚጠብቀው ሰው ገና ቆሞ እያለ አንቺ ባቡር ውስጥ ነሽ።

ጃኬቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፣ ዘንድሮ የትም አልሄድም። ልክሽ ሚዲየም ከሆነ ኢንቦክስ አድርጊልኝና ነይ ውሰጂው። ስትመለሺ ትመልሽልኛለሽ።