የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለጣና ረግረግ የፎቶ ውድድር እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የጣናን ረግረጋማ ዳርቻ የሚያስተዋውቅ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ላይ ልሳተፍ ነው። 400 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ። ፔሊካኖቹ ነጭ ወረቀት መስለው፣ ጥቋቁሮቹ ወፎች ደግሞ ጥላ ብቻ ሆነው ይወጡብኛል። ከጀልባ ያነሳኋቸውም ደብዝዘዋል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ነጩም ጥቁሩም የሚበላሽብዎ በአንድ ምክንያት ነው፤ ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ፔሊካን ከጠቆረ ደንገል ፊት ሲሆን ለደንገሉ ብሎ ብርሃን ይጨምርና ላባውን ያጠፋዋል። በኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ማስተካከያው ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ይቀንሱ፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው። በሚያንጸባርቅ ውሃ ላይ ላለ ጥቁር ወፍ ግን ከ1 እስከ 1.7 ይጨምሩ። ስክሪኑን ሳይሆን ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ጨለማና ብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ ይመኑ። ነጭ ላባ አንዴ ከተቃጠለ (ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ከሆነ) በኮምፒውተርም አይመለስም።

የሻተር (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት ለሚበር ወፍ 1/2000 ሰከንድ፣ ለቆመ 1/500 ይበቃል፤ ጀልባ ላይ ግን ለቆመውም ከ1/1000 አይውረዱ። አይኤስኦው (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200 ይሁን። ሞተር እየሠራ ትራይፖድ መትከል የባሰ ነው፤ ንዝረቱን በቀጥታ ወደ ሌንሱ ያደርሰዋል። ሞተሩን አስጠፍተው፣ ቁጭ ብለው፣ ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ያንሱ። ፎከሱ ወፉን ትቶ የደንገል ዘንግ ከያዘ፣ ሰፊውን የፎከስ ክልል ትተው በአንድ ነጥብ ዓይኑ ላይ ያሳርፉ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ነው፤ ፀሐይ ከከረረች ሩቁ መርገብገብ ይጀምራል። በእግር የሚሄዱ ከሆነ ግን ማለዳ ጉማሬ ሣር ግጦ ወደ ውሃ ይመለሳልና በእሱና በውሃው መካከል አይገኙ።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ውድድሩ የረግረጉ ነው። ፍሬሙን የሞላ የፔሊካን ፊት የትም ሊነሳ ይችላል። ወፉን ወደ ፍሬሙ አንድ አምስተኛ አሳንሰው ደንገሉን፣ ታንኳውን፣ እምቦጩን ሳይቀር ያስገቡ። እምቦጭ አስቀያሚ ነው ብሎ ማዕዘን መቀየር ለኛ አይዋጥልንም፤ የዛሬው ጣና እሱንም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ሲያጸዱ ትርፍራፊው ላይ ፔሊካኖች ይሰበሰባሉ። ያንን ማንሳት ማጭበርበር ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የዕለት ሥራቸው ነውና በመግለጫው ላይ እንዳለ ይጻፉት። ገንዘብ ከፍለው ዓሣ ካስወረወሩ ግን ማባበል ነው፤ ብዙ ውድድር ያስጥላል። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውድድር እ.ኤ.አ. በ2018 ቀድሞ የሸለመውን የጉንዳን በል እንስሳ ፎቶ ሰርዟል፤ ባለሙያዎች እንስሳው ቆዳው ተሞልቶ የተዘጋጀ ነው ብለው ስለደመደሙ። ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ደንግጣ ከበረረችብዎ ደግሞ ወዲያው ይራቁ፤ እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል።

ለመጨረሻው ዙር ያለፈ ሰው ዋናውን የሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠውን ጥሬ ምስል) ይጠየቃልና፣ እስካሁን በጄፔግ ብቻ ሲያነሱ ከነበር ካሜራዎን ዛሬውኑ በሁለቱም እንዲመዘግብ ያድርጉት።