ካሜራውን ከመመለስዎ በፊት ካርዱን ይክፈቱ

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የገዙት አክሽን ካሜራ (ደረት ወይም ራስ ላይ ታስሮ የሚቀርጽ ትንሽ ካሜራ) 4ኬ፣ ማለትም በጣም ጥርት ያለ ምስል ይቀርጻል የሚል ተጽፎበት እያለ በስልክዎ ሲያዩት ምስሉ ደብዛዛ እንደሆነ፣ ሲንቀሳቀሱ ደግሞ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች እየተሰባበረ እንደሚታይ ጽፈው፣ «ለሻጩ ልመልሰው ወይስ ላሠራው?» ብለው ጠይቀዋል። ቢያንስ ለዛሬ ሁለቱንም እንዳያደርጉ እለምንዎታለሁ። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ያጋጠመኝ ይኸው ነበር፤ የሚመክረኝ ሰው በማጣቴ ከገንዘቤ በላይ በገንዘብ የማይተካ ነገር አጥቻለሁ። ስለዚህ ምላሼ ቢረዝም ይታገሱኝ።

1ኛ፦ በስልክ ላይ ባዩት ቪዲዮ አይፍረዱ። ሚሞሪ ካርዱን ከካሜራው አውጥተው በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱትና ዋናውን ፋይል ይመልከቱ። ብዙ አክሽን ካሜራዎች አንድ ቪዲዮ ሲቀርጹ ሁለት ፋይል ይጽፋሉ፤ አንዱ ዋናው ሲሆን ሌላው በስልክ ቶሎ እንዲታይ የሚዘጋጅ ትንሽ ቅጂ ነው። በጎፕሮ ካሜራዎች የዚህ ቅጂ ስም በኤል አር ቪ፣ በዲጄአይ ደግሞ በኤል አር ኤፍ ያበቃል። የስልኩ አፕ በዋይፋይ ከካሜራው ጋር ተገናኝቶ የሚያሳየን አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ትንሹን ቅጂ ነው፤ አንዳንዱ አፕማ ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር ወደ ስልክ የሚያወርደውም እሱኑ ነው። ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። የ4ኬ ምስል ወርዱ 3840፣ ቁመቱ 2160 ፒክስል ነው፤ የእኔ ካሜራ ትንሹን ቅጂ የሚያዘጋጀው በ848 በ480 ነበር። አባዝተው ቢያዩት ዋናው ከቅጂው ሃያ እጥፍ የሚሆን ፒክስል ይይዛል።

2ኛ ብዬ ስለ ካርድ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን አስቀድሜ የደረሰብኝን ልንገርዎ፣ የእርስዎም ካርድ ምናልባት አሁን ካሜራው ውስጥ ሳይነካ ይኖራልና።

ካሜራውን የገዛሁት ከአባቴ ጋር ለምናደርገው የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ነበር። አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ እንደማይሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ካሜራውን ደረቴ ላይ አስሬ ወደ መቶ ደቂቃ የሚጠጋ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ስንመለስ ሁሉንም በአፑ ወደ ስልኬ አወረድኩት፤ ጠቅላላው 3 ጊጋባይት ያህል ስለነበር ፈጥኖ አለቀ፣ እኔም በፍጥነቱ ደስ አለኝ። ያ ፍጥነት ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። በሰከንድ 60 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ (8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ) በአንድ ደቂቃ 450 ሜጋባይት ያህል ይጽፋል፤ መቶ ደቂቃ ደግሞ 45 ጊጋባይት ይሆናል። ስልኬ ላይ የነበረው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን 30 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ቁጥሩ ከዓይኔ ፊት ነበር፤ ከምን ጋር እንደማነጻጽረው ግን አላወቅሁም።

ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ ሳየው ጥፋቱን በካሜራው ላይ ጣልኩና ወደ አንድ የጥገና ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ያየሁትን ነግሬ እንድጨርስ እንኳ ሳይፈቅድልኝ፣ «ሴንሰሩ ነው፤ ካርዱን ባዶ አድርገህ ከነካሜራው አምጣ» አለኝ፤ ሴንሰር ማለት ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው የካሜራው ክፍል ነው። እኔም ቪዲዮዎቹ ስልኬ ላይ አሉ ብዬ ካርዱን ፎርማት አደረግሁት። ካሜራው ሦስት ሳምንት እዚያ ተቀመጠ፤ ስደውል «ገና ነው» ከማለት በቀር የሚሰጠኝ መልስ አልነበረም። በመጨረሻ ስሄድ ባንኮኒው ላይ የነበረው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ካሜራውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ሴንሰሩ ተቀይሯል አለና ሂሳቡን ነገረኝ። እዚያው ቆሜ በአፑ ስከፍተው ያው ድብዝዝ ያለ ምስል ነበር። ይህንኑ ስነግረው «የጣት ያህል ካሜራ ይዘህ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከፍዬ ወጣሁ። ከክፍያው ይልቅ ዛሬም የሚያንገበግበኝ፣ በዚያ ሁሉ ሳምንት ውስጥ ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ እንኳ ካርዱን አውጥቶ ዋናውን ፋይል ለማየት አንድ ደቂቃ አለመስጠቱ ነው። ሥራቸው ይህ ነበር።

ቤቴ ስገባ ካርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ጥገና ቤቱ ለሙከራ ብሎ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ካርዱ እስኪሞላ ድረስ ቀርጾበታል። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር፤ የጠረጴዛውን ጭረት ቀርቶ ጫፉ ላይ በወደቀች ብሎን ራስ ላይ ያለውን መስቀል ሳይቀር ለየሁት። ያንኑ ቪዲዮ በስልኬ ስከፍተው ብሎኗ ግራጫ ነጥብ ነበረች። ፎርማት የተደረገ ካርድ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ፎቶሬክን በመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ፋይሎቹን መልሶ የማግኘት ዕድል አለ፤ የእኔ ካርድ ግን ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበት ነበር። አባቴ ኮረብታው ጫፍ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወደ እኔ ዞሮ የሚስቅበት ቪዲዮ አለኝ፤ ፊቱ ስድስት ሰባት ባለቀለም አራት ማዕዘን ነው። መሳቁን የማውቀው በድምፁ ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ዋናው ፋይል ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ከታየዎት ካሜራዎ ጤነኛ ነው፤ ጥራቱ የጠፋው በመንገድ ላይ ነው። የአፑን የማውረጃ ቅንብር ወደ ሙሉ ጥራት ይቀይሩት፤ ለሰው ሲልኩም በቴሌግራም እንደ ፋይል፣ በዋትሳፕ እንደ ሰነድ አድርገው ይላኩ፣ እንደ ተራ ቪዲዮ ከላኩት ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ዩቲዩብ ላይ የጫኑት ቪዲዮ መጀመሪያ ደብዛዛ ቢሆን አይደንግጡ፤ ከፍተኛው ጥራት ተዘጋጅቶ የሚወጣው ዘግይቶ ነው።

ዋናው ፋይልም ደብዛዛ ከሆነ ግን አንድ ሙከራ ያድርጉ። በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ ካሜራውን የማይነቃነቅ ነገር ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ጽሑፍ ያለበት ነገር አቁመው አንድ ደቂቃ ይቅረጹ። እንዲህም ሆኖ ከደበዘዘ ሌንሱን በብርሃን አጋድለው ይመልከቱት፤ ከፋብሪካ የመጣው ቀጭን ፕላስቲክ ሳይነሳ ቀርቶ፣ የጣት ቅባት ነክቶት ወይም የውኃ መከላከያው ሽፋን ከውስጥ ጤዛ ይዞ ሊሆን ይችላል። በቀን ጥርት ብሎ ምሽት ላይ ወይም ቤት ውስጥ ከተበላሸ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ብርሃን ሲያጥር ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ መቆየት ግድ ይሆንበታል። የምስል ማረጋጊያው ክፈፉን (ፍሬሙን፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን እያንዳንዱን ምስል) ያቃናል እንጂ ክፈፉ ውስጥ አስቀድሞ የገባውን የእንቅስቃሴ ብዥታ ሊያጠፋ አይችልም፤ በምሽት ሲራመዱ የሚቀርጹት ቪዲዮ የተረጋጋ ሆኖ ሳለ በየእርምጃው የሚንቀጠቀጥ ብዥታ የሚያሳየው ለዚህ ነው። በሰከንድ ከ60 ፍሬም ወደ 30 ዝቅ ቢያደርጉት እያንዳንዱ ክፈፍ እስከ እጥፍ የሚደርስ ብርሃን የማግኘት ዕድል አለው፤ ከዚያ ግን ቀስ ብለው ይራመዱ። የአይኤስኦውንም (ካሜራው ብርሃንን አጉልቶ የሚያሳይበት መጠን) ጣሪያ 1600 ላይ ይገድቡት፤ ምስሉ ትንሽ ቢጨልምም ያ እንደ አሸዋ የሚርመሰመሰው ነገር ይቀንሳል።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ፤ ከእኔ በፊት የመለሱልዎት ሦስት ሰዎች «ካርድ ይቀይሩ» ብለዋል፣ እኔ ግን አልስማማም። ቀርፋፋ ካርድ ቀረጻውን ያቋርጣል ወይም ክፈፎችን ያዘልላል እንጂ ምስልን አያደበዝዝም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ እንኳ የሚፈልገው በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ቪ30 የሚል ምልክት ያለበት ካርድ ሐሰተኛ እስካልሆነ ድረስ ቢያንስ 30 ሜጋባይት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። በዋናው ፋይል ላይ ሣርና ቅጠል በፍጥነት ሲያልፉ ወደ አራት ማዕዘን የሚሰባበሩት ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚጻፈው የመረጃ መጠን) ሲያንስ ነው፤ በካሜራው ቅንብር ውስጥ ቢትሬት የሚለውን ከፍተኛው ላይ ያድርጉት። ቪዲዮው ኮምፒውተር ላይ እየተቆራረጠ ከሄደ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ኤች 265 የሚባለውን የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ መፍታት ከብዶት ነው፣ ፋይሉ ምንም አልሆነም።

ካሜራውን ለሻጩ እንዲመልሱ የምመክርዎት በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። አንዳንድ ርካሽ ካሜራዎች 4ኬ ይበሉ እንጂ በአነስተኛ ጥራት የቀረጹትን ለጥጠው ነው 3840 በ2160 የሚያደርጉት። ያንኑ ጽሑፍ ከዚያው ቦታ ሳይነቃነቁ አንድ ጊዜ በ1080ፒ (ከ4ኬ ዝቅ ባለው ጥራት)፣ አንድ ጊዜ በ4ኬ ይቅረጹና ትናንሾቹን ፊደላት አጉልተው ያነጻጽሩ። ሌንሱ ንጹህ ሆኖ፣ ብርሃኑም በቂ ሆኖ በ4ኬው ላይ ምንም ተጨማሪ ፊደል የማይነበብ ከሆነ ሁለቱን ቪዲዮዎች ይዘው ይሂዱና ያሳዩት፤ ማስረጃ ይዞ የሄደን ሰው እንደ እኔ ገፍቶ ማስወጣት ያስቸግራል። በዚህ መንገድ እስከ አሁን አራት ጓደኞቼን ረድቻለሁ፤ የሦስቱ ካሜራ ምንም አልሆነም ነበር፣ አራተኛው ግን ሙሉ ገንዘቡ ተመልሶለታል።

የሙከራውን ፋይል ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍተው ወርዱን፣ ቁመቱን፣ በሰከንድ ያለውን የፍሬም ብዛትና ቢትሬቱን እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ማታ ማታ ስለምገባ አይቼ እመልስልዎታለሁ። እስከዚያው ካርዱ ላይ ያለውን አንድም ፋይል አያጥፉ።