«አለቃ» አትበሉት

እህቴ፣ ልጆችሽ አዲሱን ቡችላ «አለቃ» እንበለው ብለው እንዳስቸገሩሽ፣ ሰው ይታዘበን ይሆን ወይ ብለሽም እንደጠየቅሽ አየሁ። አዎ፣ ይታዘባል። ደርሶብኝ ነው የምነግርሽ። እኛም እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው ያለነው። የኛ ውሻ ስም ደግሞ «ጋሼ» ነበር።

ስሙን ያወጣው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቡችላውን ከአባይ ማዶ በካርቶን ይዞት መጣ። መሬት ሲያስቀምጠው ግንባሩን ቋጥሮ፣ ቀስ እያለ ግቢውን ዞረ። «ይሄማ ጋሼ ነው» አለ። ልጆቹ ሳቁ፣ በቃ ጸደቀ። እኔ የዚያኑ ቀን ይሄ ስም ጣጣ ያመጣል ብያለሁ፤ የሰማኝ የለም።

አንደኛ፣ ስሙን ሳሎን ቁጭ ብለሽ ሳይሆን በር ላይ ቆመሽ ሞክሪው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ከ«ውጣ»፣ ከ«ተው» እና ከ«በላ» ጋር በይው። «አለቃ የሰው ዶሮ በላ!» «አለቃ ከአልጋ ላይ ውረድ!» በዚያ ሰዓት የደብሩ አለቃ በበርሽ ቢያልፉስ? የባልሽ አለቃ ለጥየቃ ቢመጡስ? እኛ አንድ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ዳር ይዘነው ወጣን። ገመዱን አምልጦ ዓሣ ወደሚበልቱት ሰዎች ሮጠ። ልጆቹ ከኋላው «ጋሼ! ጋሼ ተው! ጋሼ የሰው ዓሣ አትብላ!» እያሉ ይጮሃሉ። ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት አባቶች በሙሉ ዞሩ። አንዱ ተነሥተው «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉኝ። ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ደግ ሰው ናቸው፣ መረቁኝ። ግን ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ይሄ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ የጎረቤት ነገር ነው። አጥር የሚያዋስኑንን አባት ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ሁሉም ነገር ይሰማል። ጠዋት «ጋሼ ውጣ!»፣ ማታ «ጋሼ ዝም በል!»፣ ሌሊት ሲጮህ ደግሞ ባለቤቴ «ይሄ ጋሼ አላስተኛ አለን እኮ!» ይላል። በውሻው ስም ጎረቤቱን ነገር የሚወጋ ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ፤ እሳቸውም ያ መሰላቸው። ቡና ስንጠራቸው መቅረት ጀመሩ። እትዬም ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ። እኚህ ሰው እኮ ልጄ የታመመ ጊዜ በውድቅት ሌሊት ባጃጅ ፈልገው ያመጡልን ናቸው! ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ለውሻ ስም ብለን እሳቸውን ማስቀየማችን እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛ፣ ስሙ ካርድ ላይ ይጻፋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ይደገማል። ስለዚህ ካርዱን በየጊዜው ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። እኛ የሄድንበት ክሊኒክ መዝጋቢው «ስም?» አለኝ። «ጋሼ» አልኩት። «የአባትሽን ስም አልጠየቅኩሽም፣ የውሻውን!» ደግሜ ነገርኩት። እስክሪብቶውን ጥሎ ወደ ሰልፉ ዞረና «ስሙልኝ እስቲ፣ ውሻዋን ጋሼ ብላ መጣች!» ብሎ ጮኸ። በግና አህያ ይዞ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ልጄ እንባዋ መጣ። ካርዱ ላይ «ውሻ» ብሎ ጻፈና ገፋልኝ። እንዲያስተካክል ብለምነው «ቀጣይ!» አለ። ስሙ መጥፎ ነው፣ እሺ፤ እኔም አልወደድኩትም። ግን የሱ ሥራ መጻፍ ነው። ከፍሎ የመጣ ሰው ልጁ ፊት እንዲህ አይዋረድም! ለኃላፊው ገብቼ ተናግሬያለሁ፣ ዝም ብዬ አልወጣሁም።

ውስጥ ያገኘናት ሐኪም ግን እጇ ይባረክ። ስም መቀየር ይቻላል ብላ ያስረዳችኝ እሷ ናት። አጭር ይሁን አለች፣ ከምታዢው ቃል ጋርም አይመሳሰል። «ናኒ» ብለሽው «ና» ስትይው ይምታታበታል። ጃንሆይ እንኳ ውሻቸውን «ሉሉ» ነበር የሚሉት፣ ለአፍም ለጆሮም ቀላል ነው።

ባለቤቴ «ታጠቅ» እንበለው አለ። አማቼ ተቆጡ። ታጠቅ የአፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም ነው፣ ንጉሡ ራሳቸው «አባ ታጠቅ» የተባሉበት። በዚህ አገር ያን ስም ለውሻ ሰጥቶ በሰላም መኖር የለም አሉ። ልክ ናቸው። «ዳኘው»ም የምኒልክ ነው፣ «በዝብዝ»ም የዮሐንስ ነው፣ አትንኪያቸው። የክርስትና ስም፣ የጎረቤት ስም፣ የሹመት ስም፣ የአክብሮት መጠሪያ፣ ሁሉም ይቅርብሽ። የኳስ ተጫዋች ስም ብዙ አያጣላም።

እኔ ያደረግኩት አያቴ ለከብት የምታደርገውን ነው፦ መልኩን አየሁ። ቀይ ቡናማ ስለሆነ «ዳማ» አልኩት። ማንንም አይነካም፣ አፍ ላይ አይከብድም። ምግቡን ስሰጠው ብቻ «ጋሼ ዳማ» እያልኩ ጀመርኩ፤ ከዚያ «ጋሼ»ን ተውኩና «ዳማ» ብቻ። ስትቆጪው አዲሱን ስም አትጥሪ፣ ይፈራዋል። ስትመግቢውና ስታሻሺው ብቻ ጥሪው። ባለቤቴ አይለምድም ብሎ ነበር። አሁን ከግቢው ጥግ «ዳማ!» ስለው አቧራ እያስነሣ ይመጣል። ጎረቤታችንም ራሳቸው በቆርቆሮው በኩል «ዳማ» እያሉ አጥንት ይወረውሩለታል።

ያንቺ ገና ቡችላ ስለሆነ ቶሎ ይለምዳል፤ ግን ክትባቱ ሳይደርስ ወስኚ፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ስም ይሁን። ልጆቹ እንዳያኮርፉ ደግሞ አንቺ ሁለት ሦስት ስም ምረጪና ከነዚያ አንዱን እነሱ ይወስኑ። ነጭ ከሆነ «ነጮ»፣ ጥቁር ከሆነ «ጥቁሬ» ያምርበታል። ቀለሙን ንገሪኝና አብረን እንፈልጋለን።