ለኮራል ገንዳ ርካሽ መብራት ይበቃልን?

ጥያቄ፦ በቤቴ 100 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ። ለስላሳ ኮራሎች (ድንጋያማ አጽም የሌላቸው የባሕር እንስሳት) ላስገባበት አስቤ የታወቁት መብራቶች ዋጋ አስደነገጠኝ። ርካሽ ኤልኢዲ ይበቃኛል? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ለለስላሳ ኮራሎች ይበቃዎታል። በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ አልጌዎች በብርሃን ምግብ አዘጋጅተው ኮራሉን ስለሚመግቡት፣ ወሳኙ የመብራቱ ስም ሳይሆን የሞገድ ርዝመቱ ከ420 እስከ 480 ናኖሜትር በሆነው ሰማያዊ ክልል በቂ ብርሃን መስጠቱ ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ዋት ይህን አይነግርዎትም። አልጌው የሚጠቀምበት ብርሃን የሚለካው ፓር (PAR) በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ ለስላሳ ኮራሎች በአብዛኛው ከ50 እስከ 150 ፓር ሲበቃቸው፣ እንደ አክሮፖራ ያሉት ባለ ድንጋይ አጽም ኮራሎች ግን ከ200 በላይ ይሻሉ፤ ወጪው የሚንረውም ለእነዚህ ነው።

ስለዚህ ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚደበዝዙበትን መብራት ይምረጡ፤ ይህ ከሌለው ግን ርካሽነቱ አያጓጓዎት። የሻጮችን ፎቶ ደግሞ እምብዛም አይመኑ፣ በሰማያዊ ብርሃን ሥር ያላማረ ኮራል የለምና። ርካሽ ኤልኢዲ ብርሃኑን መሀል ላይ ስለሚያከማች ከውሃው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ ኮራሉ እንዳይነጣም በደካማ ብርሃን ጀምረው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በቀን በድምሩ ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል ማብራት በቂ ነው።