ለቆሎ ሻጭ ፌስቡክ ምን ይሠራላታል?

«ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎና በሶ እሸጣለሁ። ፌስቡክና ቴሌግራም ለትልልቅ ድርጅት ነው እንጂ ለኔ ቢጤ ምን ይሠራል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። የመንዝ ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ)፣ በርኖስ (የሱፍ ካባ) እና ምንጣፍ እሸጣለሁ። ሱቄ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ ይቆማል።

እኔም እንዳንቺው ነበር የማስበው። ያነቃኝ አንድ የደሴ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ወረድ ብሎ አንድ ባና ገዛኝ። ከዓመት በኋላ ብቅ አለና «ሁለቱ እህቶቼ አይተው ወደውት ሁለት ሁለት ፈልገው ነበር። ስልክህ የለኝ፣ ስምህን አላውቅ፤ ከሌላ ገዙ» አለኝ። አራት ባና! ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እኛ እኮ የመንገድ ከተማ ነጋዴዎች ነን። እኔ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አንቺ ደግሞ ጣርማ በርን ወረድ ብለሽ። ደሴ፣ ወልዲያ የሚለው ሁሉ በደጃችን ያልፋል። ይወርዳል፣ ይገዛል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሮጦ ይሳፈራል። በቃ፣ ጠፋ። ቆሎሽን ጨርሶ እንደገና ቢያምረው የት ያገኝሻል? ለኔ ሶሻል ሚዲያ የሠራልኝ ይኼንን ነው። የማያውቀኝ ሰው መጣልኝ ብዬ አላጋንንም፤ ይመጣል፣ ግን ጥቂት ነው። አንዴ የገዛኝ ሰው ነው መልሶ የሚያገኘኝ።

በቴሌግራም ቻናል ጀምሪ። ዳታ ብዙ አይበላም። ዓምና የለጠፍሽው ፎቶም ወደ ላይ ሲሳብ ይገኛል። መጻፍ የሚሰለቸው ደንበኛ በድምፅ መልእክት ያዝዝሻል። የቻናሉን ስም በትንሽ ወረቀት አሳትመሽ ቆሎው ፌስታል ውስጥ ጣል አድርጊ። እኔ ባናው ጥግ ላይ በክር እይዘዋለሁ።

ፎቶው ላይ አትቸኩይ። መጀመሪያ በርኖሱን ሱቅ ውስጥ በፍላሽ አነሣሁት፤ ሬንጅ መሰለ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውጭ የድንጋይ አጥር ላይ ዘርግቼ ሳነሣው ፀጉሩ አንድ በአንድ ታየ። የእህቴ ልጅ ደግሞ «አጎቴ፣ ውሃ አፍስስበት» አለኝ። በጣሳ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ውሃው ጠብታ ጠብታ እየሆነ ተንከባለለ። ሃያ ሰከንድ የማትሞላ ቪዲዮ ናት፣ ቲክቶክ ላይ ለጠፍናት። በዚያ ሳምንት የሸጥኩት በርኖስ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ከሸጥኩት በለጠ። አንቺም ገብሱ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ቅረጪው። ድምፁ ብቻውን ያስርባል።

አደራ፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» አትበይ። ይኼ ነገር ያናድደኛል። ሰው ዋጋ ካላየ «ይኼማ ውድ ነው» ብሎ ያልፋል። ጻፊው።

«ለትልልቅ ድርጅት ነው» ላልሽው ደግሞ፣ ጎረቤቴ ሆቴል አለው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ። ገጹ ላይ አሥር ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሙቅ ውሃ አለ?» እሱ ስለ ምግቡ ነበር የሚለጥፈው። አሁን የመጀመሪያው ፎቶ ሻወሩ ነው፤ በእንፋሎት ተሸፍኖ። ደንበኛው የሚፈልገውን በነፃ ነገረው ማለት ነው።

የተቃጠልኩበትም አለ። አንድ ልጅ «አሥር ሺህ ተከታይ አመጣልሃለሁ» ብሎ ብር ተቀበለኝ። ተከታዮቹ መጡ፤ የአንዱም ስም አይነበብም፣ አንዱም በርኖስ አላዘዘም። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ክፍያው ቀሎናል፤ ግን «ገንዘብ ገብቷል» የሚል ቴክስት ፈብርኮ የሚልክ ሌባም አለ። አንድ ምንጣፍ በልቶብኛል። ቴክስቱን ትተሽ ሂሳብሽን ከፍተሽ እዪ። ሳይከፈልሽም አትላኪ። እኔ አንዴ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ የላክሁት ባና የሚረከበው ጠፍቶ፣ የደርሶ መልስ ሒሳብ ከፍዬ ተመልሶልኛል።

ደግሞ ሁሉንም በኔት ላይ አትጣይ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቻናሌ ዝም አለ። የተረፍኩት የደንበኞቼን ቁጥር በደብተር ጽፌ ስለነበር ነው። አንድ በአንድ ደወልኩ። አሁንም ያቺ ደብተር ከገንዘብ መሳቢያዬ አትወጣም።

ቻናሉን ስትከፍቺ ሊንኩን እዚሁ አስቀምጪልን። በሶው ስኳር ያልገባበት ከሆነ ሁለት ኪሎ እፈልጋለሁ። ወደኛ በሚወጣ መኪና ላኪልኝ፤ ብሩን አስቀድሜ አስገባለሁ።