አፍልተን ብንጠቀመውስ?

ከአንባቢዎቻችን ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም እሳት ምን ያህል እንደሚያድን የሚጠይቁ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ጊዜ የጣና ሐይቅ ዳር አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ቧንቧ ሲጠፋ ከዚያው ቀድተን፣ አፍልተን ለልጆች እንሰጣለን። ችግር አለው? (አንዲት እናት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ እባክዎ ያንን ውሃ ለልጆች አይስጡ። ማፍላት የሚሠራው ነፍስ ባለው ጀርም ላይ ነው። የታይፎይድን፣ የጃርዲያን፣ የኮሌራን ጀርም ይገድላል። ያ አረንጓዴ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሳያኖባክቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ከዝርያዎቹ አንዱ ማይክሮሲስቲስ ሲሆን፣ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል። መርዝ ነፍስ ስለሌለው በፈላ ውሃ አይሞትም። እንዲያውም ሙቀቱ ህዋሱን ያፈነዳውና ውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ደግሞ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ይጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር መጠጥ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ገደብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ዳር ላይ የሚበዛው በምክንያት ነው። ህዋሶቹ አየር የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሏቸው ይንሳፈፋሉ፣ ነፋስም ወደ ዳር ይሰበስባቸዋል። ጀሪካን የሚጠለቀው እንግዲህ በጣም በከፋው ቦታ ላይ ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ ደግሞ ይመግባቸዋል።

ለመለየት፣ እንጨት ነክረው ያውጡ። ረጅም ፀጉር የመሰለ ነገር ከተንጠለጠለ ተራ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ ቀለም ውስጥ የተነከረ ከመሰለ ይጠርጥሩ። ሌላው መንገድ ውሃውን በጠራ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ሞልቶ ሳይነቀንቁ ማሳደር ነው፤ ጠዋት አረንጓዴው ከላይ እንደ ቀለበት ከተሰበሰበ ሳያኖባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አለመታየቱ ግን ውሃው ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ክሎሪን ያለበት ውሃ አጋርም ለጀርም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለዚህ ግን አይተማመኑበት፤ ክሎሪን ህዋሱን ሲሰብር መርዙ ይወጣል፣ በቤት የሚጨመረው መጠን ደግሞ መርዙን ለመስበር ላይበቃ ይችላል። ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ ይቅዱ። እሱም ከሌለ፣ አረንጓዴው ከተሰበሰበበት ርቀው፣ ነፋሱ ከሚነፍስበት በኩል፣ ከውሃው ወለል ዝቅ አድርገው ቀድተው ያፍሉ። ከብትና ውሻም ከዚያ ዳር እንዳይጠጡ ይከልክሉ፤ የሞቱ እንስሳት በብዙ አገሮች ታይተዋል።

ጥያቄ፦ ቀረሶ ዓሣ ስበልት ልቡ አካባቢ የተጠቀለለ ትል፣ አንዳንዴም ሥጋው ላይ ቢጫ እህል የመሰለ ነገር አገኛለሁ። ደንበኞቼን ይጎዳል? (ዓሣ ሻጭ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እዚህ ላይ እሳት ያድናል። የተጠቀለለው ብዙውን ጊዜ ኮንትራሲኩም የተባለ ትል እጭ ነው፤ ቢጫው ክሊኖስቶመም የተባለ ሌላ ትል ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ዓሣው ላይ መንገደኛ ናቸው፤ የሚያድጉት ዓሣ በል በሆኑ አሞሮች ውስጥ ነው። ሰው ጥሬውን ከበላ ግን ሊያሳምሙት ይችላሉ። ሥጋው በጣም በወፈረበት፣ አጥንቱ አጠገብ፣ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞታሉ። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ በቀላሉ እስኪላቀቅ ያብስሉ። ሎሚና ሚጥሚጣ አይገድሏቸውም። በበረዶ ለመግደል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቆየት ያስፈልጋል፤ መብራት የሚሄድበት፣ ክዳኑ ሁሌ የሚከፈት ፍሪዘር ይህን አያሟላም።

ዓሣው እንደተያዘ ሆድ ዕቃውን ማውጣት ይልመዱ፤ ሲዘገይ ትሉ ወደ ሥጋው ሊገባ ይችላል። አንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይፈልጋል። ሐይቁ አረንጓዴ በሆነበት ሰሞን ደግሞ የዓሣውን ጉበትና አንጀት ይጣሉ፤ ማይክሮሲስቲን ከሥጋው ይልቅ እነሱ ላይ ይጠራቀማል፣ ያንንም ምጣዱ አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ በቆሎዬ ትንሽ ሻገተ። ቆልተን ብንበላውስ? (ገበሬ፣ ከመራዊ)

መልስ፦ የሻጋታው ፈንገስ ይሞታል፤ የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ግን ከ200 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ስለማይበተን የተለመደው አቆላል ጨርሶ አያጠፋውም። ለዓመታት ሲበሉት የጉበት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ለላም ቢሰጡትም ከፊሉ በወተት ይመለሳል። መርዙ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች፣ የጠቆረውን፣ የተሸበሸበውንና ነቀዝ የበሳውን በእጅ ለቅሞ ማስወገድ ብዙ ይጠቅማል። ጤነኛ የሚመስል ፍሬም መርዙን ሊይዝ ስለሚችል፣ ጎተራው በሙሉ ከሻገተ መልቀም አይበቃም።

ወደ ጎተራ ከማስገባትዎ በፊት መድረቁን በጨው ይፈትኑ። በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ ከበቆሎው ጋር፣ በደረቀ የጠራ ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉ፤ በቆሎው ከጠርሙሱ ሩብ ያህል ይሁን። ከድነው አንድ ደቂቃ ይነቅንቁና 15 ደቂቃ ያቆዩት። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደገና ሸራ ላይ ያስጡት። ካልተጣበቀም ለረጅም ጊዜ ለማከማቸት 13 በመቶ ስለሚፈለግ ተጨማሪ ፀሐይ ይስጡት። ጆንያውን ከመሬትና ከግድግዳ አርቀው እንጨት ላይ ያኑሩት፤ አየር የማያስገባውን ፒክስ ከረጢት ከተጠቀሙ ደግሞ ያልደረቀ እህል አይክተቱበት፣ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይሻግታል።